የጠቆረው ክፍል ስፋት

የእርሳስ ሽታ ደስ የሚለው ሰው ይኖራል፤ እኔን ያንገሸግሸኛል። ትናንት ልጄ ለሒሳብ የቤት ሥራዋ እርሳሷን አጋድማ በካሬ ውስጥ ያሉ ግማሽ ክቦችን ስታጠቁር ያ ሽታ አፍንጫዬ ሥር ደረሰና፣ ስንት ዓመት የተኛ ንዴት ተቀሰቀሰብኝ።

ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ሲግናል ሰፈር ነው። አባቴ ላምበረት መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ነበረው፤ የጎረቤቴና የክፍል ጓደኛዬ የቤቲ አባት ደግሞ የጸሎት ቤት አገልጋይ ነበሩ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እነሱ ደጃፍ ያለው ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እንጦጦ ላይ ደመና ሲከመር እያየን፣ ኮምፓስ ስላልነበረን በሻይ ብርጭቆ አፍ ክብ እናዞር ነበር፤ እናቷም ሻዩ እርሳስ እርሳስ አለ እያሉ ይቆጡናል።

አንድ ቀን የሒሳብ አስተማሪያችን በካሬ ሁለት ተጎራባች ጎኖች ላይ ወደ ውስጥ የተደራረቡ ግማሽ ክቦች ሥለው፣ ከአንደኛው ግማሽ ክብ ከመደራረቡ የተረፈውን የጠቆረ ክፍል ስፋት ፈልጉ አሉን። ስንጭር ስናጠፋ ቆይተን፣ በአንድ በኩል ያበጠው በሌላ በኩል የጎደጎደውን ልክ እንደሚሞላ በድንገት ታየኝ፤ እብጠቱን ቆርጠን ጉድጓዱ ውስጥ ስንከተው ክቡ ጠፍቶ ጎነ ሦስት ቀረ፣ ፓይ የሚባል ነገርም አላስፈለገንም። ቤቲ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳቀች።

በማግስቱ ሌላው ተማሪ ሁሉ ገጽ ሙሉ ፓይ ሲደረድር የእኛ ሁለት መስመር ብቻ ሆነና አስተማሪው ተጠራጠሩ።

«ማን ነው የሠራው? ማን ነው የገለበጠው?»

ቤቲ እውነቱን እስክትናገር ዞሬ ጠበቅኋት።

«እኔ ነኝ ቲቸር። ሰሚራ ከእኔ ነው የገለበጠችው።»

«ውሸቷን ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ የሰማኝ ግን የለም። እኔ ጥግ ላይ ተንበርክኬ፣ እሷ ሰሌዳው ፊት ቆማ፣ የእኔን ግኝት በእኔው ቃል ለክፍሉ አስረዳች፤ ተጨበጨበላትም። ከዚያ ወዲያ ያ ድንጋይ ላይ አልተቀመጥኩም። በአጥሩ ላይ ስትጠራኝ ሬዲዮኑን ከፍ አደርጋለሁ፤ መዝሙር ስትለማመድ ድምፅዋ ራሱ ይሰነፍጠኝ ነበር።

በቅርቡ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር እንጦጦ ፓርክ ወጥተን ሳለ፣ ቤቲ «ሰሚሪዬ!» ብላ እጇን ዘርግታ መጣች። ወደ ባሕር ዛፎቹ ገለል አደረገችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያን ጊዜ እኮ አንቺ ነሽ ያገኘሽው። ይመቱኛል ብዬ ፈርቼ ነው።»

«ለእኔማ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔ አውቀዋለሁ። ለክፍሉ ነበር መናገር።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ጨብጪኝ ብላ እጇን ብትዘረጋልኝ እጄን ኪሴ ከተትኩት፣ ትቻትም ቁልቁል ወረድኩ። ከእሷ በኋላ ደህና ደህና ወዳጆች አፍርቻለሁ፤ አንድ ነገር ብልጭ ሲልልኝ፣ ገና ሳልጨርሰው፣ «ነይ እዪልኝ!» ብዬ የጠራሁት ሰው ግን የለም።