እሜቴ በልጅቱ ክፍል

የሰፈሩ ሰው ጋሽ መስታወት ይለዋል። ስሙ አይደለም፤ ሥራው ነው። መስኮት የተሰበረበት፣ ፎቶ በፍሬም የሚያስገባ፣ የሱቅ መደርደሪያ የሚያሠራ ሁሉ የሚመጣው እሱ ዘንድ ነው።

እሱና ሚስቱ ከተለያዩ በኋላ አንድ ልጃቸው ከእናቷ ጋር ሌላ ከተማ ገባች። በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ መንገድ ነው። በየእሑዱ ይደውልላታል። መጀመሪያ ላይ ወሬዋ አያልቅም ነበር፤ እያደር አጠረ።

«ደህና ነሽ፣ እማዬ?»

«ደህና ነኝ።»

«ትምህርትስ?»

«ደህና ነው።»

ከዚያ «ቻው፣ አባዬ» ትለዋለች። እሷ ከዘጋች በኋላ እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ይቆያል።

አንድ እሑድ ግን ልጅቱ ሳትጠየቅ ለፈለፈች። ክፍል ውስጥ ስለ ታራንቱላ፣ መዳፍ ስለሚያህለው ጠጉራም ሸረሪት፣ ተናግራ መምህሯ አስጨብጭቦላታል። አባት የሰማው ሸረሪቱን ሳይሆን ድምፅዋን ነበር። በማግስቱ ወፍና ዓሣ ከሚሸጥበት ሱቅ ሄዶ አንዲት ታራንቱላ በፕላስቲክ ዕቃ ይዞ ተመለሰ። ሸረሪት ከልጅነቱ ጀምሮ ያንዘፈዝፈው ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ዕቃውን ከሰውነቱ አርቆ ነው የተሸከመው።

ቤት መሥራቱ አልከበደውም። ረጅም፣ ዓይን የሚስብ የመስታወት ሣጥን ቆርጦ በሲሊኮን አጣበቀ። ማጣበቂያው ደርቆ ሽታው ሲወጣለት ሸረሪቷን አስገብቶ ሱቁ መስኮት ላይ አስቀመጠውና ፎቶ አንስቶ ላከላት። ስልኩ ወዲያው ጮኸ።

«አባዬ! የእውነት የኛ ናት?»

«የኛ ናት።»

«ውይ፣ ሣጥኑ ግን ረዘመ! ወጥታ ከወደቀች ሆዷ ይፈነዳል። ዝቅ ያለ ሥራላት። ፀሐይም አትወድም። ደግሞ ማሽንህ ሲነሳ ጠረጴዛው ሁሉ ይንቀጠቀጥ የለ? ትፈራለች። ጸጥ ያለ ቦታ ውሰዳት።»

ጸጥ ያለ ቦታ አንድ ብቻ ነበረው። ከሄደች ወዲህ ዘግቶት የኖረውን የልጁን ክፍል ከፈተ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ግድግዳው ላይ የለጠፈቻቸው የወረቀት ኮከቦች ግማሾቹ ረግፈዋል። ተመለስ ተመለስ አለው፤ ግን ገባ።

አዲሱን ዝቅ ያለ ሣጥን በኮኮናት ልጣጭ ብናኝ ሞላው፤ የተሰበረ የአበባ ማሰሮ ደፍቶ ዋሻ ሠራላት፤ በጠርሙስ ክዳን ውሃ አኖረ። ከዚያ ትንፋሹን ውጦ በረጅም ብሩሽ ከኋላዋ ገፋ አደረጋት። ጥግ ይዛ እግሮቿን ሰብስባ ኩርምት አለች።

ልጅቱ «እሜቴ» ብላ ስም አወጣችላት። ምግብ ይዛለት የምትመጣው ታላቅ እህቱ ከክፍሉ ደጃፍ አታልፍም።

«እሜቴ ዛሬስ ምሳቸውን በሉ?» ትለዋለች።

«ኧረ አልነኩም፣ እታለም።»

«አንተም እንደሳቸው ሆነሃል። የትናንቱ ሳህን እንዳለ ነው።»

ጭንቀቱ ሲብስ ለልጁ ደወለ። «ፌንጣ ብሰጣት ዞር ብላ አላየችም። ታማ ይሆን?»

«ተዋት፣ አባዬ። አዲስ ቤት እኮ ነው። ፌንጣውን አውጣላት፤ ያስጨንቃታል። ክዳኑንም አትነካካ። ስትለምድ ራሷ ትወጣለች።»

«አንቺስ… ለመድሽ?»

ከወዲያ በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

«ትምህርት ቤቱን ለምጃለሁ» አለች በመጨረሻ። «ግን የኛ ቤት በር ሲዘጋ የሚለው ጓ ይናፍቀኛል። እዚህ በሮቹ ድምፅ የላቸውም።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ክፍሌ ውስጥ ነው ያደረግካት?»

«አዎ።»

«እሺ። መጋረጃውን እንዳትከፍትባት።»

ከሥራ ሲመለስ የልጁ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሣጥኑን ማየት ልማዱ ሆነ። ውሎ አድሮ እሜቴ ወጣች። ብናኙን በአፏ እየተሸከመች ዋሻዋን አሰፋች፤ ደጇ ላይ ስስ ድር አነጠፈች። ፌንጣ ሲሰጣት ደግሞ ዘላ ያዘችው። እሱም እንደ ልጅ ዘሎ ስልኩን አነሳ። ያነሳችው ግን እናትየው ናት።

«ከጓደኞቿ ጋር ወጥታለች። ምነው፣ ደህና አይደለህም?»

«ደህና ነኝ። ሸረሪቷ በላች ለማለት ነው።»

ሳቋ መጣ። «አንተ? በረሮ ሲያይ ወንበር ላይ የሚወጣው ሰውዬ?»

እሱም ሳቀ። ያንን ሳቅ ከሰማ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ሳቁ አለቀ። «ስትመጣ እነግራታለሁ» አለችና ዘጋች። ልጁ አብረዋት የሚወጡ ጓደኞች በማግኘቷ ደስ አለው። ደስታው ግን አልረጋለትም፤ ከተቀመጠበት ሳይነሳ መሸ።

ትምህርት ሲዘጋ ልጅቱ መጣች። አውቶቡስ ተራ ቆሞ ከእሷ አጠር ያለች ልጅ ሲፈልግ፣ «አባዬ፣ እዚህ ነኝ!» አለችው። አድጋለች። የሰነበተችበትን ጊዜ አብዛኛውን ሣጥኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጠው አሳለፉት፤ ስለ እሜቴ ጀምረው ስለ ሌላው ሁሉ አወሩ።

ስትመለስ፣ «ከፈለግሽ ይዘሻት ሂጂ» አላት። እሺ እንዳትለው እየፈራ ነው።

«መንገዱ ይጎዳታል። ደግሞ ለምዳለች። ሴቶቹ እኮ ብዙ ዓመት ነው የሚኖሩት፤ እኔ ሳገባም እዚህ ትሆናለች።»

«ለእሱ እንኳ ገና ነሽ» አለ ቶሎ ብሎ።

አውቶቡሱ ከዓይኑ እስኪጠፋ ቆሞ ሱቁ ሲገባ አንድ ደንበኛ የመስኮት መስታወቱን እየጠበቀ ነበር። ለክቶ ቆረጠ፤ አንድ ጣት ያህል አሳጠረው። በእሱ እጅ እንዲህ ያለ ስህተት ያየ የለም፤ ደንበኛውም ገረመው።

«ይቅርታ፣ ወንድሜ» አለው። «ልቤ መንገድ ላይ ነው።»

ሌላ መስታወት አወረደና እንደገና ለካ።