እናቴ የተነሣችበት ቀን

እናቴ ከመቱ ገበያ ወደ ቤታችን የሚያመጣውን ዳገት ስትወጣ ደረቷን ይዛ ትቆም ነበር። ሐኪሙ ሕመሙ የልብ ነው አለና ከምላስ ሥር የሚደረግ ትንሽ ክኒን ሰጣት። እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማርኩ አወሳሰዱን ለእኔ ነገረኝ።

«እንዳትውጠው። ቁጭ ብላ ትውሰደው። የደም ሥሯን ስለሚያላላው ቶሎ ከተነሣች ትወድቃለች።»

ቤት ገብተን ይህንኑ ስደግምላት ሳቀች። «ይሄን ሁሉ አንቺ ተናገርሽ? አፍሽን ስትከፍቺ ቀረጥ የምትከፍዪ ይመስለኝ ነበር!»

ክኒኑ ሠራላት። «ራሴን ይፈልጠኛል እንጂ ደረቴንስ ተወኝ» ትል ነበር።

አንድ እሑድ ክኒኑን ወስዳ ዱካዋ ላይ እንደተቀመጠች የዕድራችን ዳኛ ገቡ። እኛ ዘንድ ሽማግሌን ተቀምጦ መቀበል ነውር ነው። እናቴ ነጠላዋን እየሰበሰበች «ኖር ጋሼ!» ብላ ብድግ አለች።

«በእግዜር! ኧረ አትነሺ» አሉ እሳቸው። ይህን ማንም ይላል፤ ተብሎም የሚቀመጥ የለም። እኔ ግን ጓዳው በር ላይ ቆሜ አያት ነበር። በሽማግሌ ፊት እናቴን «ተቀመጪ» ማለት አፈርኩ። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ተዝለፍልፋ ወደቀችና ዳሌዋ ከሳጥኑ ጠርዝ ተላተመ። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናት። አጥንቷ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልወረደችም።

ጠያቂው ሁሉ ክኒኑን ረገመ። ከያዮ የመጣችው አክስቴ «ከነ ገቲ! ጣይው ይሄን! የዘንድሮ መድኃኒት ሰው ይጥላል» አለች። ዳኛውም ራሳቸውን ነቀነቁ። የጣላት ክኒኑ አይደለም፣ መነሣቷ ነው ብል፣ «ለእርስዎ ስትነሣ ነው» ማለት ሆነብኝ። ውኃ አቅርቤላቸው ወደ ጓዳ ገባሁ።

እናቴም ክኒኑን አልወስድም ስላለች ብቻችንን ስንሆን ለመንኳት። «እማዬ፣ የጣለሽ ብድግ ማለትሽ ነው። አሁን ተኝተሽ ስለምትወስጂው አይጥልሽም።»

ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። «ያን ቀን እዚያው ቆመሽ አልነበር? ያልሽው እውነት ቢሆን ዝም ትዪኝ ነበር?»

የብርድ ልብሷን ጠርዝ ማስተካከል ጀመርኩ። እሷም ውሸቴን እንደደረሰችበት ሰው እጄን ዳበስ አድርጋ ተወችኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት የደረቷ ሕመም ተነሣባት። ክኒኑን ይዤ ጎንበስ አልኩ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኼ ለመንኳት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። እሷ ግን ጥርሷን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እስትንፋሷ ሲቆም ክኒኑ በላቤ ርሶ ጣቴ ላይ ሟሙቶ ነበር።