ያላዞርኩት ቁልፍ

እድር የምትሉትን እኛ ቅሬ እንላለን፤ የሰፈራችን ቅሬ ሳጥን ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱ በሼኩ፣ አንዱ በቄሱ፣ አንዱ በኔ እጅ ነው። ሦስታችን ካልተገናኘን አይከፈትም። ውስጡ ያለው ገንዘብ ለከፈንና ለመግነዝ፣ ለድንኳንና ለለቀስተኛ ንፍሮ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም።

አንድ እሑድ ከደሴ አንድ ወጣት መጣና ዋርካው ሥር ለቅሬው ተናገረ። ገንዘብ አሰባስቦ የሚነግድ ድርጅት አለን፣ ባንክ በዓመት የሚሰጣችሁን እኛ በወር እንሰጣለን አለ። ሰዉ ደስ አለው። ሼኩም ቄሱም ቁልፋቸውን አወጡ። የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

ከፊደል በላይ ያስተማረኝ የለም፤ የቀረውን ከራዲዮና ከማሳ ለቃቅሜ ነው ያገኘሁት። የሐይቁ ዳር መሬቴ ከሁሉ አብልጦ ሽንኩርት ይሰጠኛል። ውሃው የሞላ ዓመት ግን ሽንኩርቱን ከነመደቡ ይወስደዋል። ስለዚህ እዚያ የምዘራው ቢጠፋ ልጆቼን የማያስርበውን ብቻ ነው። የቤቱን ጤፍ ዳገት ላይ እዘራለሁ።

«ነገ ሰው ቢሞትብን ገንዘቡን ነገ ትሰጠናለህ?» አልኩት።

«አባቴ፣ ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ ካሳወቃችሁን ችግር የለም።»

«ሰማችሁ? ከእንግዲህ የሚሞት ሰው ሦስት ወር ቀደም ብሎ ያመልክት!»

ሴቶቹ ሳቁ። ዓሣ ነጋዴው ጎረቤቴ ግን ተነሣ። «አንተማ ሐይቁ ይደርቃል ብለህ ዓሣም አትበላ! ወላሂ፣ በአንድ ሰው ግትርነት ደህይተን እንቅር?»

«የራስህን ገንዘብ አስገባ፣ ማን ከለከለህ? ይሄ የሬሳ ገንዘብ ነው።»

የቅሬው ዳኛ ቁልፉን ካላዞርኩ ከቅሬ እንደምወጣ ነገረኝ። በኛ አገር ከቅሬ የወጣ ሰው ቤተሰቡ ሲሞት መቃብር የሚቆፍርለት የለም። ባለቤቴ ከሴቶቹ መሀል አየችኝ፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አስወጡኝ። ቁልፉን ግን አላዞርም። ሳጥኑን ከፈለጋችሁ ስበሩት።»

የሰፈራችን ባለ ብየዳ ተጠርቶ መዶሻ ይዞ መጣ። «ማን ነው ስበር የሚለኝ?» ብሎ ዙሪያውን አየ። ዳኛው ወደ ሼኩ፣ ሼኩ ወደ ቄሱ አዩ። የሬሳ ገንዘብ ሳጥን ያሰበረ ሰው ተብሎ መጠራት የፈለገ አልነበረም። ዓሣ ነጋዴው እንኳ ጫማውን ያይ ጀመር። ባለ ብየዳው ጥቂት ጠብቆ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። እኔን ከቅሬ የማስወጣቱን ነገርም ያን ቀን ደግሞ ያነሣው አልተገኘም።

እውነቱን ልናገር፦ ዓሣ ነጋዴው የራሱን ገንዘብ አስገብቶ በየወሩ ተከፈለው። ባጃጅ ገዛ። በደጄ ሲያልፍ ጡሩምባውን ሆን ብሎ ይነፋዋል። ልጆቼም «አባዬ፣ ይኸው አተረፈ» ይሉኛል። አተረፈ፤ አልክድም። የራሱ ነው፣ ቢከስርም የሚከስረው እሱ ነው።

ቁልፉ ዛሬም አንገቴ ላይ ነው። የፈለገ ጡሩምባውን ይንፋ።