ባዶውን የሚጮህ ወፍጮ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የፋብሪካው ዘበኛ በር ላይ አስቆመኝና፣ "ለማስፈጨት ከሆነ በታችኛው በር ነው። እህልሽ የታለ?" አለኝ። በእጄ የያዝኩት ግን የመሣሪያ ቦርሳ ነበር። "አዲሷ ኤሌክትሪሺያን ነኝ" ስለው ሳቀ። የቅጥር ደብዳቤዬን አፍንጫው ሥር ስዘረጋለት ሳቁን ዋጠና በሩን ከፈተልኝ። እኔም ቂም በመያዝ አላንስምና አንድ ወር ሙሉ ሰላም አላልኩትም።

ፋብሪካው አርብ ገበያ ከተማ ዳር፣ ወደ ገደሉ በሚያዘነብለው ሜዳ ላይ ነው። ሁለት አዳራሽ አለው። የላይኛው አዲሱ የዱቄት መስመር ነው፤ ስንዴ ይታጠባል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል፣ በከረጢት ይታሸጋል። የታችኛው ባለቤቱ ድሮ በናፍጣ ሞተር ሥራ የጀመሩበት አሮጌ ቤት ነው፤ ያለው አንድ ወፍጮ ብቻ። አገሬው ገብሱንም ባቄላውንም በአህያ ጭኖ እያመጣ የሚያስፈጨው እዚያ ነው። እኛ ሠራተኞቹ "የገበሬው ወፍጮ" እንለዋለን።

መሣሪያ ያስረከቡኝ የገበሬው ወፍጮ ኦፕሬተር አያ ደሴ ናቸው። እኔ እስክቀጠር ድረስ የኤሌክትሪኩንም ሥራ በልምድ ይሠሩ የነበሩት እሳቸው ነበሩ። ቅንድባቸው ከዱቄት ጠርቶ አያውቅም። አንድ ቴስተር፣ አንድ ፒንሳ፣ ጫፋቸው የዶለዶመ ሦስት ካቻቢቴ ቆጥረው ሰጡኝና አስፈረሙኝ። ከዚያ አንድ ሞተር አጠገብ ወሰዱኝና፣ "ሙቀቱን ስትዳብሺ በእጅሽ ጀርባ ይሁን። በመዳፍሽ ከነካሽውና ኮረንቲ ካለው፣ ጨብጠሽው ትቀሪያለሽ" አሉኝ። ኮሌጅ ሦስት ዓመት ስማር ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከሚሊኒየሙ በኋላ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው፣ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዘላለም ከባሕር ዳር ስብሰባ ተመልሰው ሁላችንንም የሰበሰቡን። "ከእንግዲህ ኃይል በዘፈቀደ አንጠቀምም። የኢነርጂ አስተዳደር ሥርዓት እንዘረጋለን" አሉ። መብራት ሳይጠፋ የዋለበትን ቀን እንደ ዓመት በዓል የምንቆጥር ሰዎች ነንና፣ የትኛውን ኃይል ነው የሚያስተዳድሩት ብለን ተያየን።

በወሩ ኢንጂነር ሰላም መጣች። ከባሕር ዳር የተላከች ባለሙያ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፣ በሥራ ግን ዋዛ አታውቅም። መጀመሪያ ፖሊሲ አስጻፈችን። አንድ ገጽ ነው፤ አቶ ዘላለም ፈረሙበትና በመስታወት አስገብተው ከወንበራቸው በላይ ሰቀሉት። ቀጥሎ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ እኔም የኢነርጂ ተጠሪ ተባልኩ። ሹመቱ ጭማሪ ደመወዝ የለውም፤ ቅጽ ግን እንደ ጉድ አለው።

ቀድሞ ለግቢው ሁሉ የነበረን አንድ ቆጣሪ ነው። ስለዚህ ብክነቱ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም፤ የላይኛው አዳራሽ የታችኛውን ያማል፣ የታችኛው የላይኛውን። ኢንጂነር ሰላም ለየክፍሉ የየራሱን ቆጣሪ አስገጠመች። እኔ በየፈረቃው መግቢያና መውጫ ንባቡን እመዘግባለሁ፤ በወሩ መጨረሻ ፍጆታው ከተፈጨው ኩንታል ጋር ይነጻጸራል።

የመጀመሪያው ወር ግራፍ ሲወጣ ኢንጂነር ሰላም ፊቷን አጨማደደች። "የታችኛው ቆጣሪ ተበላሽቷል። በየመሀሉ ዜሮ ያሳያል" አለች። ቅጹ በፈረንጅ ቀን የተሞላ ስለነበር እኔም መጀመሪያ አልገባኝም። ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሳቸው አሥራ ሁለት፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ዘጠኝ ሆኑ። "ኧረ ቆጣሪውስ ደህና ነው! ሚካኤል፣ ማርያምና በዓለ ወልድ ናቸው" አልኳት። አገሬው በእነዚህ ቀናት አያስፈጭም። እሷም በራሷ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ በቅጹ ላይ ከቀኑ ጎን የታቦቱን ስም መጻፍ ጀመርን።

ከዚያ ፍተሻ ገባን። በላይኛው አዳራሽ የኮምፕረሰሩን ቱቦ የሳሙና አረፋ ቀብተን ስናይ በየመጋጠሚያው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ያን ሁሉ አየር ስንጨምቅ የኖርነው ለሜዳው ነው ለካ! መጋጠሚያዎቹን ቀየርን፤ የላሉ ቺንጋዎችን አጠበቅን፤ በምሳ ሰዓት የሚጠፋውንና የማይጠፋውን ማሽን ለይተን ጻፍን። ቆጣሪው ወዲያው ወረደ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ተራው የገበሬው ወፍጮ ሆነ። አንድ ጠዋት ስገባ ቤቱ ውስጥ ደንበኛ የሚባል የለም። አያ ደሴ ከረጢት ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ወፍጮው አንድ ፍሬ እህል አፉ ውስጥ ሳይኖር እያፏጨ ይዞራል፤ ለመደማመጥ መጮህ ነበረብን።

"አያ ደሴ፣ ምን እየፈጩ ነው?"

"ምንም።"

"ታዲያ ለምን አያጠፉትም?"

"ይጩህ እንጂ፣ ይሰማል!" አሉኝና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ደሜ ፈላ። ግትርነት መሰለኝ። አንድ ሳምንት ቆሜ ባዶውን የዞረበትን ሰዓት ለካሁ፤ እህል ከፈጨበት አይተናነስም ነበር። ቢሮ ገብቼ በትልልቁ ጻፍኩ፦ "እህል በሌለበት ሞተር ማስኬድ በጥብቅ የተከለከለ ነው። የኢነርጂ ተጠሪ።" ፈርሜ ማብሪያው ላይ ለጠፍኩት። አያ ደሴ መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት፤ ማብሪያውን ወደ ታች መቱት፤ ወፍጮውም እየቀዘቀዘ ሄዶ ዝም አለ። "ታዘናል" አሉ።

የሚቀጥለው ወር ግራፍ የሚያስቀና ነበር። አቶ ዘላለም በስብሰባ መሀል ስሜን ጠርተው አስጨበጨቡልኝ። ለእናቴ ሳይቀር ስልክ ደውዬ አወራሁ።

ሦስተኛው ወር ላይ ግራፉ ገና ይወርድ ነበር። የወረደው ግን ስለቆጠብን አልነበረም፤ የገበሬው ወፍጮ ደንበኛ አጥቶ ነው። ድሮ አርብ አርብ አህዮች እስከ አጥሩ ድረስ ይሰለፉ ነበር፤ አሁን አንድ ሁለት የከተማ ሰው ብቻ ብቅ ይላል። አቶ ዘላለም ቁጥሩን አይተው ፍርዳቸውን ሰጡ። "እንዲህ ከሆነ ለምን ይቀመጣል? ከጥምቀት በኋላ እንዘጋውና የፉርሽካ መጋዘን እናደርገዋለን። ደሴም ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ይረፉ።"

አያ ደሴ ለጡረታ የሚበቃ የተመዘገበ የአገልግሎት ዘመን እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቃለን። የናፍጣውን ዘመን የመዘገበላቸው የለም። ይረፉ ማለት ባዶ እጃቸውን ይሂዱ ማለት ነበር። ዜናውን ሲሰሙ፣ "እሺ" ብለው ወንፊታቸውን ማራገፍ ቀጠሉ። እኔ ግን ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

በዚያው ሰሞን የአንድ ዘመድ ለቅሶ ለመድረስ ወደ ገደሉ አፋፍ በሚወስደው መንገድ ስሄድ፣ ገብስ በአህያ ጭነው ጀርባቸውን ለከተማው ሰጥተው የሚሄዱ ሴት አገኘሁ። የድሮ ደንበኛችን እትየ ጥሩዬ ናቸው።

"እትየ፣ ወዴት ነው በዚህ?"

"ማዶ ላስፈጭ ነዋ! ምን ይደረግ፤ የናንተው ወፍጮ ከሞተ ስንት ጊዜው!"

"ማን ሞተ አለዎት? ይሠራል እኮ!"

"ታዲያ ምነው ድምፁ ጠፋ?"

ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ አስረዱኝ። ከየቀበሌው የሚመጣው ሰው አፋፉ ላይ ሲደርስ ቆሞ ያዳምጣል። ወፍጮው የሚጮህ ከሆነ ዛሬ መብራት አለ ማለት ነው፤ ወደ እኛ ይመጣል። ዝም ካለ መብራት የለም ማለት ነው፤ ጭነቱን ይዞ በናፍጣ ወደሚሠራው ወደ ማዶው ወፍጮ ይዞራል። ገደል ወርዶና ወጥቶ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። "በአፍ ቢነግሩን ምን ዋጋ አለው? የናንተ መብራት ማለዳ ኖሮ ረፋድ ላይ የለም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኚህ ሴት በእኔ ፊርማ ምክንያት ሦስት ወር ሙሉ ገደል ሲወጡ ሲወርዱ ከርመዋል። አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከለቅሶው እንደተመለስኩ በቀጥታ አያ ደሴ ዘንድ ሄድኩ። "ለምን አልነገሩኝም?" ብዬ ልቆጣ ሞከርኩ።

"ነገርኩሽ እንጂ። ይሰማል አልኩሽ። ማን ነው የሚሰማው ብለሽ አልጠየቅሽኝም።"

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ይቅርታ መጠየቅ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን ጠየቅኳቸው።

መጀመሪያ ብልጠት ያለው መላ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ወፍጮውን ባዶውን ከማስኬድ ይልቅ ኃይል የማይበላ ነገር እናስጩህ ብዬ፣ አሮጌ የአይሱዙ ቸርኬ ዛፍ ላይ ሰቅዬ ጠዋት በመዶሻ ቀጠቀጥኩት። ድምፁ አገር ያናውጣል! ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰው ግቢያችንን አልፎ ወደ ቤተክርስቲያኑ ይጎርፍ ጀመር፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ዶማና አካፋ ተሸክመው። ለካ የደብሩም ደወል የመኪና ቸርኬ ኖሯል፤ ያለ ሰዓቱ ከተደወለ ደግሞ ሰው ሞቷል ማለት ነው።

የደብሩ አገልጋይ መምሬ ፈንታ መቋሚያቸውን ይዘው ግቢያችን ገቡ።

"ማን ነው ያረፈው?"

"ማንም አላረፈም፣ አባቴ።"

"ታዲያ መቃብር ቆፋሪ ለምን ጠራችሁ?"

"ወፍጮ ተከፍቷል ለማለት ነው።"

መምሬ ቸርኬውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አያ ደሴን አዩ። አያ ደሴ ሳቃቸው እንዳያመልጥ በጋቢያቸው አፋቸውን ይዘዋል። "በሉ አውርዱት። የሰው ልብ አታውልቁ" ብለው ወጡ። የዚያን ዕለት አካፋ ይዞ የመጣው ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ፣ "ዛሬስ ማን ሞተ?" እያለ ያሾፍብኛል።

የቀረው አንድ መንገድ ነበር። አቶ ዘላለም ቢሮ ገባሁና ወፍጮው ባዶውን እንዲጮህ ይፍቀዱልኝ አልኳቸው። ወደ ተሰቀለው ፖሊሲ አመለከቱኝ። "ይህን ፈርሜ በላዬ ላይ ሰቅዬ፣ ባዶ ወፍጮ ላስጮህ? የከለከልሽውስ አንቺ አይደለሽ?"

"እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነው። አንድ አርብ ብቻ ይስጡኝ። ጠዋት ስንከፍትና መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ብቻ። ሰው ካልመጣ ሞተሩን በገዛ እጄ እፈታዋለሁ።"

ፖሊሲውን እንደገና ቀና ብለው አዩና፣ "አንድ አርብ" አሉ።

አርብ ጠዋት ጉም ነበር። ማስታወቂያዬን ቀድጄ ጣልኩና ማብሪያውን ራሴ ገፋሁት። ወፍጮው አጉረመረመ፣ ከዚያ ያን የሚጠላውን ፉጨቱን ለቀቀው። የፈቀዱልን ደቂቃ ሲያልቅ አጠፋነው። ተቀመጥን። አያ ደሴ ዳዊታቸውን አልገለጡም፤ በሩን በሩን ያያሉ። አቶ ዘላለምም ሥራ እንዳላቸው ሁሉ ሁለት ጊዜ በዚያ አለፉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅን፤ ማንም የለም። የሞተሩ ብሎን ስንት እንደሆነ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ።

መጀመሪያ የተሰማው የአህያ ኮቴ ነው። ከጉሙ ውስጥ አንዲት አህያ ወጣች፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። እትየ ጥሩዬ ከፊት ናቸው። ገና ከበሩ፣ "እልልል! ዳነ እንዴ?" አሉ፤ ሰው ከበሽታው የተነሣ ያህል። አያ ደሴ፣ "ዳነ፣ ዳነ፣ ስልቻሽን አምጪ" ብለው ሊቀበሏቸው ተነሡ። እኔ ወደ ማከፋፈያው ሳጥን ዞሬ አለቀስኩ፤ ለሚያየኝ ፊውዝ የምመረምር እመስል ነበር። እኩለ ቀን ሲሆን ሰልፉ አጥሩን አልፎ ነበር። ስለ ፉርሽካ መጋዘን ከዚያ ወዲያ ያነሣ የለም።

በዓመቱ ኢንጂነር ሰላም ለኦዲት መጣች። ቅጹን በጣቷ እየተከተለች ስታነብ፣ እኔ ብክነት በሚለው ዓምድ ሥር የሞላሁት መስመር ላይ ደረሰች፦ "ባዶ ሩጫ፣ በመመሪያ የተፈቀደ።" ብክነት ከሆነ ለምን ተፈቀደ፣ ከተፈቀደ ለምን ብክነት ተባለ አለችኝ። አያ ደሴን አስጠራቻቸው።

"አባባ፣ ወፍጮው እህል ሳይኖረው ሲዞር ምን ይሠራል?"

አያ ደሴ ጥያቄው ገረማቸው። "ሰው ይጠራል ነዋ" አሉ።

ኢንጂነር ሰላም መስመሩን ሰረዘችና ሥራ በሚለው ዓምድ ሥር በራሷ እጅ ጻፈችው። አቶ ዘላለም ጎኑ ላይ ፈረሙ። አያ ደሴ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሠርተው፣ ወፍጮውን ለልጃቸው አስረክበው ወጡ።

ለአዳዲስ ኤሌክትሪሺያኖች የምነግረው ይህን ነው። ማንኛውንም ማሽን ከማጥፋታችሁ በፊት አጠገቡ የሚውለውን ሰው ጠይቁ፤ ሲመልስላችሁም እስኪጨርስ ስሙት። እኔ ግማሹን ሰምቼ ነው ማስታወቂያ የለጠፍኩት።