ስልክ ላይ ምን ይታየኛል?

የአክስቴ አርባ ባለፈው እሑድ ወጣ። እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ በአንድ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። አብራቸው የምትሠራው ማርታ ከኤል ሳልቫዶር የመጣች ነበረች። ሁለቱም እንግሊዝኛ ገና እየተማሩ ስለነበር በምሳ ሰዓት ቃላት ይጠያየቃሉ። ማርታ አንድ ቃል ሲጠፋት የስፓኒሹን ቃል ትንሽ ጠምዘዝ አድርጋ ትሞክራለች፤ ብዙ ጊዜም ይሳካላታል።

አንድ ቀን የአንሶላውን ጋሪ መግፋት ከበዳትና ለሱፐርቫይዘሩ «አይ አም ኢምባረስድ» አለችው። በስፓኒሽ «ኤምባራሳዳ» እርጉዝ ማለት ነው፤ እሷ ያለችው የእንግሊዝኛ ቃል ግን «አፍሬያለሁ» ማለት ሆነ። ሰውየው «አይዞሽ፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለም» ብሏት ሄደ። የማርታ እንባ መጣ። አክስቴም ቃሉን አያውቁትም ነበር፤ ሆዷን ደግፎ የያዘውን እጇን ግን አዩ። ሰውየውን ተከትለው፣ ክንዳቸውን ሕፃን እንዳቀፈ ሰው አጥፈው፣ «ማርታ፣ ቤቢ!» አሉት። ከዚያ በኋላ ማርታ ፎጣ እንድታጥፍ ብቻ ተደረገ።

አክስቴም ከዚያ ወዲህ የሰው አፍ ብቻ ሰምተው ማመን ተዉ። ስልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው ደውዬ «ደህና ነኝ» ስላቸው፣ «ስልክ ላይ ምን ይታየኛል? ነይ ልይሽ» ይሉኝ ነበር። ትራፊኩን እየረገምኩ እነዳለሁ። በሩን ከፍተው መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ እጄን ያዩና «ደህና አይደለሽም፤ በይ ግቢ» ይላሉ።

አሁን «ደህና ነኝ» ስል ሁሉም ያምነኛል።