ፊተኛው ክፍልና ፈንዲሻ የሚሉት ስፌት

ሴት ልጄ ፊተኛውን ክፍል እንድለቅላት የጠየቀችኝ ሥራ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። የባና ሸማኔ ነኝ፤ ከበግ ጠጉር ከተፈተለ ክር ብርድ ልብስና በርኖስ እሠራለሁ። የእኛ የሽመና ዕቃ ከመሬት ላይ ተተክሎ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ስለሚቀመጥ፣ የሚያናግረኝ ሰው ሁሉ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያየኝ። ከሌላ ሰው ችዬው ኖሬአለሁ። ከልጄ ግን ያን ቀን አልቻልኩትም።

"አባዬ፣ ይሄን ክፍል ብትለቅልን" አለች። "መስኮቱ ወደ መንገዱ ነው። የሠራነውን ብንሰቅልበት አላፊ አግዳሚው ያየዋል።"

"እኔስ የት ልሂድ?"

"ጓሮ ያለው ክፍል ባዶውን አይደል።"

ጓሮ ያለው ክፍል መስኮት የለውም። በደብረ ብርሃን ብርድ ይህ ጥሩ ነው የሚል ይኖራል፤ ለሸማኔ ግን አይሆንም። ጥቁር ክር ጨለማ ውስጥ ሲበጠስ አይታይም፤ የተበጠሰ ክር አልፎ የሸመነ ሰው ደግሞ፣ እኔ እንደማምነው፣ ከሌባ አይሻልም። ባናዬን ገዝቶ አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ የሚያድር ገበሬ ነፋሱ በየት በኩል እንደገባበት ሌሊቱን ያውቀዋል።

ልጄና ጓደኞቿ ኪሮሽ በሚሏት ቆልማማ መርፌ የክር ሥራ ይሠራሉ። ስልክ እያዩ ኮፍያ፣ ሻርፕ፣ የሕፃን ብርድ ልብስ ያወጣሉ። ያን ጊዜ ሥራውን አልወደውም ነበር፤ አሁንም ወድጄዋለሁ ብዬ አልዋሽም። ሰው እየሳቀና እያወራ የሚሠራው ነገር ሥራ አይመስለኝም። ጓደኞቿ በር ላይ ቆመው እየሰሙ፣ የማስበውን ነገርኳት፦

"የልጅ ጨዋታ ለመስቀል ብዬ የእንጀራዬን ዕቃ አልነቅልም።"

ጓደኞቿ መሬት መሬት አዩ። እሷ አላየችም።

"እንግዲያው ጨዋታውን እርስዎ ይሥሩትና እንየው" አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ አንተ ስትለኝ ነው የኖረችው። አክብራኝ እንዳልሆነ ለመረዳት አዋቂ መሆን አያስፈልግም፤ በር ነው የዘጋችብኝ።

ሚስቴ ጭቅጭቁን ሰምታ እጇን እያደራረቀች መጣችና መሐላችን ቆመች። "ደግ ብላለች። ጨዋታ ከሆነማ ትሠራዋለህ። ፋሲካ ሳይደርስ አንዲት የሕፃን ብርድ ልብስ ሠርተህ አሳየኝ። ከሆነልህ ክፍሉ ያንተ ነው፤ ካልሆነልህ ትለቃለህ። ከዚያ በኋላ አንዳችሁም እንዳትነዘንዙኝ።"

ልጄ ስፌቱን ራሷ መረጠች። ፈንዲሻ ይሉታል፤ ጨርቁ ላይ የፈነዳ በቆሎ የመሰለ ጉብታ በጉብታ የሚሆነው ነው። ጀማሪ የሚጀምርበት እንዳልሆነ ከጓደኞቿ ፈገግታ ገብቶኛል።

እኔን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። ሽመናን የለመድኩት በሰው አጥር ቀዳዳ እያየሁ ነው። ፊደልም የቆጠርኩት የሱቅ ማስታወቂያ እያነበብኩ ነው። ልጆቼንም ያሳደግኋቸው "ዓይን ካላችሁ አስተማሪ አላችሁ" እያልኩ ነው። ስለዚህ በፈንዲሻ የተሠራ አንድ ሻርፕ ወስጄ ፀሐይ ላይ ዘርግቼ አፈጠጥኩበት። የተሸመነ ነገር ካዩት ይነግራል፤ የቱ ክር በየቱ ላይ እንዳለፈ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህ ግን ፊቱ ጉብ ብሎ አሠራሩን ጀርባው ውስጥ ይደብቃል። ልፈታው ስጎትት ሁሉም ተተረተረ።

"የሰው ሥራ አፍርሰው ነው የሚማሩት?" አለች ልጄ ከበሩ ላይ።

ከዚያ በኋላ መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የከበደኝ ያ ነው፤ ጉሮሮዬን ጠርጌ "እስቲ አሳዪኝ" ማለት። ከሴት ጓደኞቿ መሐል ዝቅ ያለች ዱካ ላይ አስቀመጠችኝ።

"በአንዷ ዓይን፣ በዚህች የክር ቀለበት ውስጥ፣ አምስት ረጃጅም ስፌት ይሠራሉ፤ ሁሉም እዚያችው ውስጥ ነው። ከዚያ ኪሮሹን ከክሩ ያወጡታል።"

"ከወጣ ይፈታ የለም?"

"ካልጎተቱት አይፈታም። አውጥተው በመጀመሪያዋ ስፌት ራስ ይከታሉ፤ የተዉዋትን ዓይን ይይዙና በዚያ በኩል ይስባሉ። ይሰበሰብና ጉብ ይላል።"

እሷ እጅ ላይ ጉብ አለ። እኔ እጅ ላይ ኪሮሹ አልገባ አለ። የሸማኔ እጅ ነው ያለኝ፤ ክር ሲላላ ደሜ ይፈላል፤ ሳላስበው አጥብቄ እጎትታለሁ። የክሩ ዓይን እንደ መርፌ ቀዳዳ ትጠባለች።

"ያላሉት" አለች ልጄ።

"የላላ ሥራ የሰነፍ ነው።"

"ያላሉት አልኩዎት።"

ከጓደኞቿ አንዷ፣ ከጫጫ በሚኒባስ እየተመላለሰች የምትሠራ ምላሰኛ፣ ቀና ሳትል "አባባ፣ ክሩ ምን በደለዎት? አንቀው ሊገድሉት እኮ ነው" አለች። ሳቁ ቤቱን ሞላው። ልጄ ግን አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። የሠራሁትን ከእጄ ወስዳ እስከ መጀመሪያው ተረተረችውና መለሰችልኝ። ልጆቼ አጣመው የሠሩትን እኔም እንዲሁ ነበር የማፈርሰው። ትክክል ናት። በጣም ግን ጠላኋት ያን ሰዓት፤ አባት ልጁን አይጠላም የሚል ካለ፣ ልጁ አስተምራው አታውቅም።

የሱቅ ክር ሰጥታኝ ነበር፤ ያን የሚያብረቀርቀውን። "ፕላስቲክ በእጄ አልነካም" ብዬ የራሴን የበግ ጠጉር ፈትል አመጣሁ። "እንደፈለጉ" አለች። ጠጉር በኪሮሽ ሠርታ ስለማታውቅ ከዚህ ሌላ የምትለኝ አልነበራትም።

የጾሙን ወራት ማታ ማታ ታገልኩ። ክሩን ማላላት የለመድኩት በትምህርት አይደለም፤ በድካም ነው። አንድ ቀን ጣቴ ዝሎ መጎተት ሲያቅተኝ ኪሮሹ ሰተት ብሎ ገባ። ከዚያ ወዲያ ጉብታው አንዱ ካንዱ አጠገብ መደርደር ጀመረ። ጫን ስለው ዝቅ ይልና መልሶ ብቅ ይላል። እውነት ለመናገር ደስ ይላል። ለማንም አልነገርኩም።

በፋሲካ ዋዜማ ለልጄ ሰጠኋት። መስኮቱ ዘንድ ወስዳ ስህተት ፈለገች። ፊቱን አየች፤ ጀርባውን አየች፤ እያንዳንዱን ጉብታ በአውራ ጣቷ ተጫነች። ከንፈሯ ደርቆ ነበር።

"ልክ ነው" አለችና ወጣች።

ደስ አለኝ፤ ጥሩ ደስታ ግን አልነበረም። ሰው ክፉኛ የፈለገውን ነገር ከልጁ ሲነጥቅ የሚሰማው ዓይነት ነው።

ከዚያ እንደ ወጉ ሥራዬን ልጨርስ ተነሣሁ። የበግ ጠጉር ካልተረገጠ አላለቀም። ባና ከዕቃው ላይ ሲወርድ ገና ወንፊት ነው፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተደርጎ በእግር ሲረገጥ ነው ጠጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ዝናብ የማያስገባ የሚሆነው። በአጥር ቀዳዳ ያየኋቸውም እንደዚህ ነበር የሚያደርጉት፤ የሀገሩ ሸማኔም ሁሉ እንደዚህ ነው። ውሃ አሙቄ፣ ሳፋ ውስጥ ነክሬ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ ረገጥኩት። ጠንክሬ ነው የረገጥኩት፤ ያሸነፈ ሰው እግር ነበረኝ።

ሳወጣው ግማሹን አክሏል። ጉብታዎቹ ተጣብቀው፣ ፊቱና ጀርባው የማይለይ አንድ ድፍን ነገር ሆኗል። ጫን አልኩት። ብቅ የሚል የለም።

እንዳለ ወስጄ ሚስቴ ፊት አስቀመጥኩት።

"ይሄ ምንድን ነው? የኮርቻ ምንጣፍ ነው?" አለች።

ልጄ አነሣችው። "ረገጡት?"

"ረገጥኩት።"

"ገደሉት!" እንባዋ መጣ፤ የኔ ሥራ መሆኑን የረሳች መሰለኝ። "ሕፃን የሚሞቀው እኮ ጉብታው ውስጥ በሚይዘው አየር ነው። ለዚህ ነው ጉብ የሚለው!"

ሚስቴ የውርርዳችን ዳኛ ናትና ጠየቀቻት። "ሳይረገጥ አይተሽው ነበር?"

"አይቼዋለሁ።"

"እንዴት ነበር?"

ልጄ መዋሸት ትችል ነበር። ሌላ ያየ ሰው አልነበረም። "ልክ ነበር" አለች። "ክፍሉ የሳቸው ነው።"

"አይደለም" አልኩ። "እጄ ለመደ እንጂ እኔ አላወቅኩትም። ጉብታው ለምን እንደሚሠራ ሳላውቅ ነው ጨዋታ ያልኩት። ክፍሉ ያንቺ ነው።"

ታመሰግነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም። እሷ ግን ነደደች። "ምጽዋት አልፈልግም!"

"ምጽዋት አይደለም። ተሸንፌያለሁ።"

"አልተሸነፉም! ልክ ነው ብያለሁ! በራሴ አፍ!"

"እኔ ደግሞ ተሸንፌያለሁ እላለሁ! በቤቴ ለመሸነፍም ላስፈቅድ ነው?"

"ወይ የፈጣሪ ያለህ!" አለች ሚስቴ። "ሰው ለማሸነፍ ሲጣላ አይቻለሁ፤ ለመሸነፍ ሲደባደብ ግን እናንተን አየሁ።" ማንም አልሳቀላትም።

በዓሉ እንዳለፈ የሽመና ዕቃዬን ነቀልኩ። ጉድጓዴን አፈር ሞልቼ ደለደልኩና ጓሮ ባለው ክፍል አዲስ ቆፈርኩ። የምሥራቁን ግድግዳ ሰብሬ ትንሽ መስኮት አወጣሁ። ልጄ ፊተኛው ክፍል ለመግባት ብዙ ቀን ፈጀባት፤ ባዶውን ተዘግቶ ሰነበተ። በመጨረሻ ሴቶቹ ሥራቸውን ይዘው መጥተው ሰቀሉበት፤ ሰው ቆም ብሎ ያየዋል፤ ይገዛልም።

አልታረቅንም። እውነት የተነጋገሩ ሰዎች ይታረቃሉ ብዬ ስመክር ነው የኖርኩት፤ እኛ ግን እውነቱን ሁሉ ተነጋግረን እንደተኳረፍን ነን። የእኔ መስኮት ብርሃን የሚሰጠኝ እስከ ቀትር ነው። ከዚያ ክሩን መለየት ስለማልችል አቁሜ እወጣለሁ። በፊተኛው ክፍል በር ሳልፍ ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ፤ ኪሮሻቸው ግን አይቆምም። አንገቴን ሳላዞር አልፋለሁ።