ከቶዞ የሚመጣው አፈር

ባለፈው ቅዳሜ ለስላሳ መጠጥ ላደርስ ወደ ሜዳው ስገባ፣ አንድ ሽማግሌ የበግ ሥጋና የተቀቀለ በቆሎ የሞላ ሳህን ይዘው ዳር ወደ ቆመው አውቶቡስ ሲሄዱ አየሁ። ሌሎቹ እንግዶች ድንኳን ውስጥ እየበሉ ነው። ወጣቱን ሹፌር ግን ማንም ስላልጠራው መሪው ላይ ተደግፎ ቀርቷል። “ብላ ልጄ፤ አንተ ምን አደረግህ?” ብለው በመስኮቱ አቀበሉት። አውቶቡሱ ያመጣቸው ሰዎች ያደረጉትን ኋላ ስሰማ ያ ሳህን ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ሽማግሌው፣ ሁላችንም ‘ታታ’፣ አባት፣ የምንላቸው ሉንጊሳ ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ የምቶምቤ ሸለቆ የክሪኬት ቡድን ፈጣን ኳስ ወርዋሪ ነበሩ።

ጨዋታውን ያስተማሩን ሚስዮናውያን ናቸው። ነጮቹ የሣር ሜዳቸውን ሲዘጉብን አባቶቻችን ኳሱ የሚነጥርበትን መደብ በገዛ እጃቸው ሠሩ። ጸደይ ሲገባ ሰባቱ መንደሮች በየፊናቸው የኩይሳ አፈር ያመጣሉ። ወንዶቹ ወቅጠው ይደለድሉታል፣ ሴቶቹ በእበት ይለቀልቁታል። የአንዱ መንደር አፈር ከጎደለ ጨዋታ የለም። የመጀመሪያው ኳስ እስኪወረወር ድረስም መደቡን በጫማ የሚረግጥ የለም። ይህን የጫማ ደንብ ያወጣው አምበሉ ዋንዲሌ ነበር፤ የቶዞ መንደር ልጅ፣ የታታ ሉንጊሳ የልብ ጓደኛ።

የዘር መድልዎው ሕግ ሲሻር የጥቁሮቹና የነጮቹ ቡድን ተዋሕዶ የክልሉ ቡድን ተባለ። ዋንዲሌም ከተማ ገብቶ በክልሉ የክሪኬት ማኅበር ውስጥ ወንበር አገኘ። ሲሄድ፣ “የክልሉ ቡድን በዓመት አንዴ እዚህ መጥቶ ይጫወታል። መደቡን ብቻ ጠብቁልኝ” አለ። ታታ ሉንጊሳ አመኑት። ባለቤታቸው አረፉ፣ ጉልበታቸው ደከመ፤ መደቡ ሳይለቀለቅ ያለፈ ጸደይ ግን የለም። ቡድኑ አንድ ቀን እንኳ አልመጣም።

ዘንድሮ ዋንዲሌ ራሱ ደወለ። “ቅዳሜ እንመጣለን!” በግ ታረደ፣ የማሽላ ጠላ ተጠመቀ፣ ሴቶቹ በሌሊት ተነሥተው ለቀለቁ። ከአውቶቡሱ የወረዱት ግን ክራባት ያሰሩ ሰዎችና ፎቶ አንሺዎች ናቸው።

“ተጫዋቾቹስ?” አሉ ታታ ሉንጊሳ።

“ጨዋታው ከተማ ነው፣ ምፒንጋ” አለ ዋንዲሌ፣ በጎሳ ስማቸው እየጠራ። “ዛሬ ታሪካችንን በፎቶ ልናነሣ ነው የመጣነው። በአዲሱ ስታዲየም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።”

“ግድግዳው ኳስ ይመታል?” አለች ከለቅላቂዎቹ ሴቶች አንዷ፣ ማጃሊ፣ እበቱ ከእጇ ሳይለቅ።

“አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬም ምላስሽ አላረጀም!”

“ሆድህ ቀድሞህ ከአውቶቡስ ወረደ እኮ! እኛማ ቡድኑ እሱ መስሎን ነበር።”

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዋንዲሌም ሳቀ። ከዚያ ፎቶ አንሺው “መሃል ላይ ይቁሙልኝ” አለው። ዋንዲሌ በሚያብረቀርቅ ጫማው ሄዶ መደቡ ላይ ቆመ። ሳቁ ወዲያው ጠፋ። ተረከዙ እርጥቡ ልቅልቅ ውስጥ ሲሰምጥ ታታ ሉንጊሳ አዩ። ከዚያ ዞር ብለው ለሹፌሩ ሥጋ መቁረጥ ጀመሩ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ማጃሊ ናት።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በሜዳው በኩል አለፍኩ። ታታ ሉንጊሳ ተንበርክከው የተረገጠውን ይፍቃሉ። ለጸሎት የተንበረከኩ መስለውኝ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

“ደንቡን ረስቶት ይሆናል፣ ታታ” አልኳቸው።

“ቢረሳው ደግ ነበር። ሊረግጥ ሲል ዞሮ አየኝ። አየኝና ረገጠ።”

አጠገባቸው አዲስ አፈር ተከምሯል፤ ከቶዞ በቀር ስድስቱ መንደሮች በጠዋት አምጥተዋል።

“ለምንድን ነው ደግሞ?” አልኩ።

“ቅዳሜ የራሳችን ልጆች ይጫወታሉ። ከእንግዲህ አውቶቡስ አንጠብቅም።”

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን መኪናዬን ያያሉ።

“ባዶ ናት?”

“ባዶ ናት፣ ታታ።”

“እንግዲያው ከቶዞ አፈር አምጣልኝ። ኩይሳው የዋንዲሌ እናት ደጅ ላይ ነው። ትናንት በደጇ አልፎ ሳይገባ ሄዷል። እኔ ብሄድ ወንበር አውጥታ፣ ‘ልጄ መጥቶ ነበር አሉ፤ ጨዋታው እንዴት ነበር?’ ትለኛለች። እሷን መዋሸት አልችልም። እውነቱንም ልነግራት አልችልም። አንተ ሂድልኝ፣ ልጄ።”